ለገመዱ ሆድ ስጪው

ውሃው የገባው ሊነጋጋ ሲል ነበር። ልጅቷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በሞላው ጆንያ ላይ እንደተኛች ጀርባዋን በረዳትና ነቃች። መጀመሪያ ሕልም መሰላት። ጆንያው እንደ ታንኳ መወዛወዝ ሲጀምር ግን ሕልም እንዳልሆነ ገባት። የልብስ ስፌት ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ስለነበረ፣ ከላይ የሚወርድ ጎርፍ ሁሉ ደጁን ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ቁልፉ ከጌታው ኪስ ነው፤ ጌታው የሚያድረው ደግሞ ከከተማው ማዶ ነው።

እናቷ በሞተች በዓመቱ አክስቷ እጇን ይዛ እዚህ ቤት አመጣቻት። «ሙያ ትማር፤ ለመኝታዋ አታስብ፣ ትንሽ ናት፣ የትም ትገባለች» ብላ ለጌታው ሰጥታት ሄደች። እውነትም ትንሽ ነበረች። ለሌላ ሰው ጉልበት ድረስ የሚሆነው ውሃ ለእሷ ወገብ ድረስ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ወጣች፤ ጠረጴዛው ተንሳፈፈና አዘነበለ። ያን ጊዜ ኮት የሚሰቀልበትን ትልቅ ምስማር በሁለት እጇ ይዛ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ጩኸቷን ለቀቀችው። ጎረቤቶች በሩን ሰብረው ሲገቡ ድምጿ አልቆ አፏ ብቻ ነበር የሚከፈት። ያ ድምፅ ተመልሶ እንደ ድሮው አልሆነላትም፤ ዛሬም ስትናገር ጎርነን ይላል።

ወለል ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ፤ ጣቃው ጨርቅ፣ የደንበኛ ልብስ፣ የእሷ ብቸኛ ጫማ። ምስማር ላይ የተሰቀለው ሁሉ ተረፈ። ጌታው ኮቶቹን አንድ በአንድ እያወረደ፣ «አንቺም ከኮቶቹ ጋር ተሰቅለሽ ተረፍሽ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ ያልለወጠችው ሕግ የተወለደው ያን ጠዋት ነው፦ ዕቃ ወለል ላይ አይቀመጥም።

ሰው ሁሉ «ትርፌ» የሚላት እናቷ ያወጣችላት ስም ሆኖ አይደለም። ራሷን ችላ መስፋት ከጀመረች ጀምሮ፣ በምትሰፋው ልብስ ሁሉ ስፌቱ ውስጥ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ ትተዋለች። «ልጅ ያድጋል፣ ሰው ይወፍራል፤ ልብስ ግን ራሱን አያሰፋም» ትላለች። ደንበኞቿ ከብዙ ጊዜ በኋላ የጠበበውን ሱሪ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይመጣሉ። እሷ ስፌቱን ትተረትርና ከውስጥ የተደበቀውን ጨርቅ ትለቅላቸዋለች። አዲስ ሱሪ ማሰፋት የነበረበት ሰው በአሮጌው ተደስቶ ይመለሳል። የሠፈሩ ቀልደኞች ይህን አይተው «ትርፍ የማታውቅ ትርፌ» አሏት። ስሙ እንደ ማስቲካ ተጣበቀ። ፀጉሯ ሲሸብት ከፊቱ «እትዬ» ተጨመረበት እንጂ አልተለወጠም።

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ደግ፣ ሣቂታ፣ ዝርክርክ ሰው። እሷ መቀስን ከተሰቀለበት አንስታ እዚያው የምትመልስ፣ እሱ የያዘውን ነገር ሐሳቡ በቆመበት የሚተው። ኪሱ የጉድ ኪስ ነበር፤ ብሎን፣ የተጠማዘዘ ሽቦ፣ የሻይ ማንኪያ ሳይቀር ይወጣበታል። ጡረታ የወጣ ጊዜ የአሣ ገንዳ ገዝቶ መጣ። ከነመቆሚያ ቁም ሣጥኑ ሳሎኑን ግማሽ ያዘው።

«ምነው አንተ ሰውዬ፣ እኛ የት ልንቀመጥ ነው?» አለችው።

«ዕድሜ ልኬን መስታወት ውስጥ ተቀምጬ መንገድ ሳይ ኖርኩ» አላት። «አሁን መስታወት ውስጥ ሌላው ይግባ፣ እኔ ደሞ ልይ።»

ትርፌ ሣቀችና ሶፋውን ገፋችለት። ከዚያ ወዲያ ከመስታወቱ በላይ ያለውን እሷ ትወለውላለች፤ ከሥር ያለውን ባለ ሁለት መዝጊያ ቁም ሣጥን ግን ከፍታው አታውቅም። የባሏ ክፍለ ሀገር ነው። ባልዲው፣ ቱቦውና ፎጣው እዚያ ውስጥ አልገባ ብለው ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ሰው ያደናቅፉ ነበር፤ እሱ ግን «ውስጥ ቦታ የለም» ይላል፣ እሷም ታምነዋለች።

ሕመሙ ሲጠናበት፣ ከአልጋው ሆኖ አንድ ቀን እጇን ያዛትና፣ «ለገመዱ ሆድ ስጪው» አላት።

«የቱን ገመድ?»

«ሁሉንም። ሆድ የሌለው ገመድ ቤት ያቃጥላል።»

ትኩሳቱ ነው ብላ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችው። «እሺ፣ እሰጠዋለሁ» አለችው፣ ለሕፃን እንደሚባለው። ከዚያ ብዙም አልቆየ።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ሰው ሲያጣ፣ ያንን ቁም ሣጥን ከፈተችው። የሚታመን አልነበረም። የማጣሪያው፣ የማሞቂያው፣ የአየር መንፊያው፣ የመብራቱ ገመድ፣ በዚያ ላይ ድሮ የተበላሹ ዕቃዎች ገመድ ተጨምሮበት፣ ሁሉም እንደ አንጀት ተጠላልፎ ተከምሯል። ባዶ የአሣ ምግብ ቆርቆሮ፣ የተቀደደ መረብ፣ አንድ እግር ጫማ። ማከፋፈያው፣ ሁሉም ገመድ የሚሰካበት፣ ወለሉ ላይ በጀርባው ተጋድሟል።

«አይ አንተ» አለች ትርፌ፣ «ኪስህን ነው ጥለህልኝ የሄድከው።» እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰችው።

እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል አንድ ነገር አየች። ከገንዳው አፍ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ የማሞቂያውን ገመድ ይዛ ቁልቁል እየወረደች ነው። በጣቷ ተከተለቻት። ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወርዶ፣ እንደ ከረጢት ረግቦ፣ ከዚያ ሽቅብ ተመልሶ ነው የተሰካው። ጠብታዋ እርግቡ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ተንጠለጠለች፣ ከሥሩ ወደ ተቀመጠ ጎድጓዳ ሣህን ጠብ አለች። ገመዱ ተወጥሮ ቢሆን ኖሮ የሚያቆማት አልነበረም፤ በቀጥታ የምትገባው ሶኬቱ ውስጥ ነው። ሌላውን ገመድ ዳሰሰች። እሱም ሆድ አለው። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ሰውየው አንዷን ነገር አልዘነጋም። እሷ በጨርቅ ላይ የምትተወውን ትርፍ፣ እሱ በገመድ ላይ ይተወው ኖሯል፤ አንድ ቤት እየኖሩ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ።

በማግስቱ ሥራ ጀመረች። ሁሉን ነቅላ አወጣች። የማይሠራውን ጣለች። ማከፋፈያውን ከወለሉ አንስታ በቁም ሣጥኑ የጎን ግድግዳ ላይ፣ ከፍ አድርጋ በብሎን አሰረችው። ካቻቪቴ ይዛ አታውቅም ነበር፤ መርፌ የያዘ እጅ ግን ቶሎ ለመደ። ረጅሙን ገመድ ክር እንደሚጠቀለል አጥፋ አጥፋ፣ ሆዱን ብቻ አስቀርታ፣ የተረፈውን በላስቲክ አሰረችና በመንጠቆ ሰቀለችው። ከመዝጊያዎቹ ጀርባ በወፍራም ሸራ ኪሶች ሰፍታ ለጠፈች፤ አንዱ ለመረቡ፣ አንዱ ለምግቡ፣ ረጅሙ ለቱቦው። ወለሉ ላይ ከማጣሪያው በቀር አንድም ነገር አልቀረም፤ እሱም ራሱ ውሃ የሚይዝ ስለሆነ ጎድጓዳ ሣህን ውስጥ አስቀመጠችው። ስትጨርስ ባልዲውም ፎጣውም ገቡ። «ቦታ የለም» የተባለበት ቤት ውስጥ ቦታ ተርፎ አየር ይዘዋወርበት ጀመር። ኮሪደሩ ላይም ከዚያ ወዲያ የሚደናቀፍ ጠፋ።

ዓይኗ መድከም የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው፤ ከዳር ዳር እየጠበበ ይመጣል» አላት። ጠብታ አዘዘላት። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ትርፌ ለማንም ሳትናገር ተዘጋጀች። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ገና ሳያቅታት፣ በየገመዱ ጫፍ፣ ከስፒናው አጠገብ፣ የጨርቅ ምልክት ሰፋች። ለማሞቂያው ሱፍ፣ ይሞቃልና። ለማጣሪያው ዳንቴል፣ ውሃ በቀዳዳ ያልፋልና። ለአየር መንፊያው ላስቲክ፣ እንደ ሳንባ ይሳባልና። ለመብራቱ ሳቲን፣ ያብለጨልጫልና። ዓይኗን ጨፍና እጇን ትሰድና ትለማመዳለች። ሱፉን ያገኘች እንደሆነ ማሞቂያውን አገኘች ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የገንዳው ውሃ ሲቀየር አስቀድሞ ማሞቂያው ካልተነቀለ፣ ውሃው ሲጎድል ትኩስ መስታወቱ አየር ላይ ይቀርና ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ከውሃው ጋር ይገናኛል። የሰው እጅ ደግሞ ውሃው ውስጥ ነው።

ሁለት ልጆች አሏት። እናት ሆዷ ዥንጉርጉር ነው እንደሚባለው አይመሳሰሉም። ታላቋ ሴት መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቆጣ የምትል፣ ሁሉን ቀድማ የምትፈራ፣ በእረፍቷ ቀን ሁሉ እናቷ ዘንድ የማትቀር። ታናሹ ወንድ በየቢሮው የኮምፒውተር ገመድ ይዘረጋል፤ ዝምተኛ፣ ሥራው ላይ ከመስመር የወጣ ነገር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው። «ያባቱን ዝርክርክነት ሊክስ ነው የተወለደ» ትለው ነበር እናቱ።

ጭቅጭቁን የጀመረችው ሴቷ ናት።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ቤት መውጣት አለበት።»

«የቱ ነገር?»

«አሣው።»

«አሣውማ ባለቤት ነው፤ እንግዳዋ እኔ ነኝ። እኔን አውጪኝ።»

«አትቀልጂብኝ። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ፣ በዚያ ላይ ያንቺ ዓይን...»

«ዓይኔ ምን ሆነ? መክሳትሽን እንኳ ከዚህ ሆኜ እያየሁት ነው።»

«ቅድም የበሩን እጀታ አጥተሽ ግድግዳውን ስትዳብሺ አይቼሻለሁ።»

 «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» አለች ትርፌ ቀስ ብላ።

«መናቅ ነው እንዴ ይሄ?» አለች ልጅቷ። «ስልኬ በጮኸ ቁጥር ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ? ከማንሣቴ በፊት ምን እንደማስብ ታውቂያለሽ?»

ይህን ትርፌ አላወቀችም ነበር። የልጇን እጅ ፈልጋ ያዘች። የልጅቷ ፍርሃት እውነት መሆኑ ገባት። እሷም የምትፈራው ነበራት፤ ነገር ግን አልተናገረችውም። ዛሬ አሣው ከወጣ ነገ ምድጃው ይከተላል፤ ከምድጃው በኋላ የቤቱ ቁልፍ። አንድ በአንድ፣ ሁሉም በፍቅር፣ ሁሉም ለደኅንነቷ ተብሎ። በመጨረሻ አንድ ወንበር ትቀራታለች፣ እሷም እዚያ ላይ ትቀመጣለች።

«አንድ ጊዜ» አለች ልጅቷ። «አንድ ጊዜ ስትሳሳቺ ካየሁ ይወጣል። ቃል ግቢልኝ።»

«ገባሁ።»

ወንድ ልጇ ይህን ሲሰማ አዘነ። ነገር በአፉ መርዳት አይችልበትም፤ የሚችለው በእጁ ነው። እናቱ ዓይኗን ልትታይ በሄደችበት ቀን፣ በተሰጠው ቁልፍ ገብቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተ። ያየው ነገር አስደነገጠው። ገመዱ ሁሉ ረግቦ ተንዠርግጓል፣ ጫፉ ላይ ብጥስጣሽ ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል። እናቱ የጨርቅ ሰው ናት፤ ጨርቅ ቤቱን ሁሉ እንደ አቧራ ይከተላታል። ማን ያስተውለዋል? ጨርቅ ደግሞ እሳት ይይዛል። በመቀስ ቆራርጦ ጣለው። ገመዶቹን ከረጅም እስከ አጭር በአዲስ ቅደም ተከተል ሰካቸው፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ወጠራቸው፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ግድግዳው ላይ ጠፈራቸው፣ የማሰሪያውን ትርፍ በመቁረጫ እምሽክ አደረገው። ሌላ ግማሽ መደርደሪያ የሚያህል ቦታ ተረፈ። መዝጊያውን ሲዘጋ ለራሱ ፈገግ አለ። ነገ ውሃው በሚቀየርበት ጊዜ መጥቶ ፊቷን ሊያይ ፈለገ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ልጆች ነበሩ። ወንዱ ወጥ ቤት ሻይ ጣደ። ሴቷ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እጇን አጣምራ፣ እናቷን ታያለች። ትርፌ ባልዲውን አወጣች፣ ቱቦውን ከኪሱ መዘዘች፣ ተንበርክካ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች።

ሱፉ የለም።

እጇን ወደ ግራ ወሰደች። ዳንቴሉም የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ልሙጥ፣ ሁሉም እንደ ስፌት ክር የተወጠረ። ጣቷ የተቆረጠ ፕላስቲክ ነካ። ያን ጊዜ የማን እጅ እንደገባበት አወቀች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከኋላዋ የልጇ ትንፋሽ ተሰማት፤ ዘጋችው። እጄ ቦታውን ያውቃል አለች በልቧ። የመጀመሪያውን ነቀለች፤ ማጣሪያው ማጉረምረሙን አቆመ። ልክ ነው። ማሞቂያው ሦስተኛ ነበር። ሦስተኛውን ነቀለች። የነቀለችው መብራቱን ነበር፤ መብራቱ ደግሞ ጠዋት የማይበራ በመሆኑ ምንም ምልክት አልሰጠም።

ቱቦውን ከተተች፣ ውሃው ባልዲው ውስጥ ይንዠቀዠቅ ጀመር። ከገንዳው ግማሽ ሲጎድል «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«እጅሽን አውጪ! እማዬ እጅሽን!» ልጅቷ ዘልላ ወደ ቆጣሪው ሮጠችና ኤሌክትሪኩን አጠፋችው። ቤቱ ሁሉ ጭጭ አለ። ማቀዝቀዣው እንኳ ዝም ሲል ተሰማ። የማሞቂያው መስታወት ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። አሣዎቹ በቀረው ውሃ ውስጥ አንድ ጥግ ተሰብስበዋል።

ልጅቷ ተመልሳ መጣች። አልጮኸችም። «አልኩሽ» አለች ብቻ፣ በሹክሹክታ። ብትጮህባት ለትርፌ ይሻላት ነበር።

ወንዱ የሻይ ትሪውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። «ምን ሆነ?»

«ተሳሳተች።»

«አዎ፣ ተሳሳትኩ» አለች ትርፌ።

እውነቱን ብትናገር ልጇ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ይሰበራል። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ቃሏ ደግሞ ቃል ነው። ከወለሉ ሳትነሣ፣ «ውሰዱት» አለች። «ዛሬውኑ። የሚያኖራቸው ሰው ፈልጉ።»

ወንድ ልጇ ትሪውን አስቀምጦ ቁም ሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከ። የተነቀለውን ስፒና በእጁ ተከተለው፤ መብራቱ ጋ አደረሰው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማ፣ ያ ጨርቅ... ለምንድነው የነበረው?»

«ተወው፣ አለፈ።»

«የምን ጨርቅ?» አለች እህቱ።

«እዚህ የነበረ። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ትናንት። ቆሻሻ መስሎኝ።» እህቱን ቀና ብሎ አየ። «ላስደስታት ብዬ ነው። ሁሉንም ቦታ ቀያየርኩት።»

ሮጦ ወጣ። ከደጅ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው፣ ብጥስጣሹን በላስቲክ ከረጢት ይዞ ተመለሰ። ትርፌ እጇን ዘረጋች። አንድ በአንድ እየዳሰሰች ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው፤ «ሱፍ፣ ማሞቂያው። ዳንቴል፣ ማጣሪያው። ላስቲክ፣ አየሩ። ሳቲን፣ መብራቱ።» ልጆቿን አላየችም። ልጅቷ እየተጠጋች መጥታ ወለሉ ላይ፣ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ወደ ቁም ሣጥኑ ሰደደች፣ ልሙጦቹን ገመዶች ከላይ እስከ ታች ዳበሰች፣ መልሳ ዳበሰች። የቱን የቱን እንደነካች አታውቅም። እጇን ስታወጣ እናቷ ጉልበት ላይ ያለውን ሱፍ ነካችው።

«ለምን አልነገርሽንም?» አለች።

«ብነግርሽ ዓይኔ እንደጠፋ ታውቂያለሽ።»

«እሱ ነው ጥፋተኛው!» አለች ወደ ወንድሟ ዞራ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!»

«እሱ ብቻ አይደለም» አለች ትርፌ። «ሱፉን ሳጣ ማቆም ነበረብኝ። 'ገመዱ ተለውጦብኛል' ማለት ነበረብኝ። አንቺ ፊት አላውቅም ማለት ሞት መሰለኝ። እሱ ጨርቁን ቆረጠ፤ አደጋው ድረስ የወሰደኝ ግን የኔ ኩራት ነው። ለዚህ ነው ውሰዱት ያልኩት፤ ላኮርፍ ብዬ አይደለም።»

 ትርፌ እጇን እንደገና ወደ ውስጥ ሰድዳ የተወጠሩትን ገመዶች ዳሰሰች።

«ሆዳቸውስ የታለ?» አለች።

«የምን ሆድ?»

ጣቷን ባልዲው ውስጥ ነክራ የማሞቂያውን ገመድ ከላይ ነካችው። ጠብታው ቀጥ ያለውን ገመድ ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተ፣ አንድም ቦታ ሳይቆም ሶኬቱ ጠርዝ ላይ ደረሰ። ኤሌክትሪኩ ስለጠፋ ምንም አልሆነም። ልጁ ግን እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ጥሩ ነው የሠራኸው፣ የኔ ልጅ» አለችው። «ለቢሮ። ቢሮ ውስጥ ዝናብ አይዘንብም። እዚህ ግን ገመድ ሆድ ያስፈልገዋል። ወደ ታች ይውረድና ይመለስ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠብ። ይሄን አባትህ ሊሞት ሲል ነገረኝ፣ እኔም የትኩሳት ወሬ መስሎኝ እሺ ብዬ አለፍኩት። አንተን ምን ብዬ እቆጣሃለሁ?»

«ያ ዝርክርክ ሰውዬ?» አለ ልጁ፣ እያለቀሰ እየሣቀ።

«ያ ዝርክርክ ሰውዬ።»

ልጅቷ ተነሥታ ሄደች። ወዴት እንደሄደች ትርፌ አላየችም፤ የጓዳውን መሳቢያ ስትከፍት ብቻ ሰማች። እናትየው ስልኳን ልታመጣ፣ አሣውን የሚወስድ ሰው ልትጠራ መሰላት። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ጠበቀች። ልጅቷ ተመልሳ ከጎኗ ተቀመጠች። የክር ማጠንጠኛ ሲተረተር ተሰማ።

«ሱፉ የሚሰፋው የት ጋ ነው?» አለች። «ስፒናው ጋ ነው፣ ወይስ ከዚያ ዝቅ ብሎ?»

ትርፌ የልጇን እጅ ፈልጋ ወደ ገመዱ ጫፍ መራችው።  «ስፒናው ጋ» አለች በዚያ ጎርናና ድምጿ፣ «ጠበቅ አርጊው። አንቺ ስፌት አታውቂም።»

«አሳይኛ ታዲያ!»

ያን ቀን ሦስቱም ወለሉ ላይ ዋሉ። ወንዱ አዲስ ማሞቂያ ገዝቶ መጥቶ፣ ማሰሪያውን ሁሉ ፈትቶ፣ በእናቱ ጣት እየተመራ፣ ለእያንዳንዱ ገመድ ሆድ ሰጠው፤ ያተረፈውን ቦታ ግን አላስፈረሰችበትም፣ «እሱስ እውነትህን ነው፣ የኔ አጣጣፍ ሰፊ ነበር» ብላ ተቀበለችው። ሴቷ በማታውቅበት እጇ ምልክቶቹን ሰፋች፤ ጣቷን ስትወጋ ትሳደባለች፣ እናቷ ትስቃለች። ከዚያ አንድ አዲስ ሕግ አወጡ፦ እጅ ያላወቀውን ነገር እጅ አይነቅልም፤ ያቆምና ሰው ይጠራል። ትርፌም ይህን ሕግ በአፏ ደግማ ተቀበለች። ለእሷ ከባዱ ሥራ እሱ ነበር።

ዛሬ ዓይኗ ጭራሽ ጠፍቷል። ፀሐይና ጥላን እንኳ አትለይም። ባለፈው የድሮ ደንበኛዋ የነበረ ጡረተኛ መምህር ሊጠይቃት መጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ብዙ ተጫወቱ። ሊነሣ ሲል ገንዳውን ትክ ብሎ አየና፣ «ትርፌ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «የማታዪው አሣ ምን ያደርግልሻል?»



«ልጆቼ ይባረኩ» አለችው። «አንዷ መድኃኒቴን ታጠጣኛለች፣ አንዱ ቤቴን ያድሳል፣ ጎረቤት ምግብ ይዞልኝ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ስበላ፣ ስጠጣ፣ ስደገፍ ነው የምውለው፤ አመሰግናለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን መስታወቱን በጥፍሬ ነካ ሳደርግ እነሱ ወደኔ ይመጣሉ። አላያቸውም፤ ውሃው ሲላወስ እሰማለሁ። ዓይኔ እንደጠፋ አያውቁም፣ የሚያውቁት እጄን ነው። ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ሙያ፣ ባል፣ ዓይን። ሁሉም ደግ ነበር። ከሁሉ የበለጠብኝን ከጠየቅከኝ ግን ይሄ ነው፤ እኔ የማበላው አንድ ነገር ቀርቶኛል።»